የሴት ተማሪዎች ክበብ ዘገባ፦ 14ኛውን ቀን የተውንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ድራማም ግጥምም አላቀረበም። መድረክ ላይም ብዙ አልታየንም። ዓመቱን ሙሉ ስንቆጥር ነው የከረምነው። እያንዳንዷ ሴት አባል (ወንዶችም አሉን) የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ቀድማ ትገምታለች፣ ከዚያ ግምቷ ይያዝ አይያዝ ታያለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ ቀላል ከሚመስል ነገር ግን እኔ ራሴ ብዙ ተምሬበታለሁ።

ነገሩን ያስጀመረችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። በመጀመሪያው ስብሰባ «ቲቸር፣ የእኔ እኮ ቀን የለውም» አለችኝ። «ሹራቤን ወገቤ ላይ ሳላስር ከወንበር አልነሳም።» እውነቷን ነው። በሙቀትም ቢሆን ሹራቡ ከወገቧ አይወርድም ነበር። ዞር ስል ሌሎቹም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

የመጀመሪያው ሕጋችን ደብተር የግል ነው የሚል ነበር። ማንም የማንንም አይከፍትም፣ እኔም ጭምር። ለውይይት የሚሆኑንን ቁጥሮች ፈቃደኛ የሆነች ብቻ ስሟን ሳትጽፍ በታጠፈ ወረቀት ትሰጠኛለች። ይህን ባናደርግ ኖሮ ክበቡ በሁለተኛው ሳምንት ይበተን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር መስማማት ራሱ ጊዜ ወሰደ። ግማሾቹ ደሙ ከቆመበት ቀን ነበር የሚቆጥሩት። እንደዚያ ከተቆጠረ 28 የነበረው 23 ይሆናል፣ ከዚያ «የእኔ ፈጠነ፣ ችግር አለብኝ» የሚል ጭንቀት ይመጣል። ቀን 1 ማለት ደሙ በደንብ መፍሰስ የጀመረበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የምትታይ ትንሽ ጠብታ አትቆጠርም። ዑደቱ የሚያልቀው ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

ከዚያ «ስንት ቀን ነው ጤነኛ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። ሁሉም 28ን ነው የሚያውቁት። ግንቦት 20 የሚከበረው የዓለም የወር አበባ ንጽሕና ቀን እንኳ በዚሁ ቁጥር ነው የተመረጠው፤ በፈረንጆቹ 5ኛው ወር፣ 28ኛው ቀን፣ ማለትም 5 ቀን ደም፣ 28 ቀን ዑደት። እሱ ግን አማካይ ነው። በአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ጤነኛ ነው። የወር አበባ ካዩ ጥቂት ዓመታት ብቻ ለሆናቸው ልጆች ደግሞ እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል፣ ምክንያቱም በእነዚህ ዓመታት እንቁላል በየወሩ ላትወጣ ትችላለች። ይህን ስናገር የአንዳንዶቹ ፊት እንዴት እንደተፈታ ባያችሁ!

ባለሹራቧ ልጅ ቁጥሮቿን እዚህ እንዳወጣቸው ፈቅዳልኛለች። ሰባቱ ዑደቶቿ እነዚህ ናቸው፦ 29፣ 34፣ 26፣ 30፣ 41፣ 28፣ 33። 41 የሆነው ትኩሳት ይዟት አልጋ ላይ በዋለችበት ወር ነው። 35ኛው ቀን ሲያልፍ በእረፍት ሰዓት እየሮጠች መጣች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሕመም፣ ከባድ ጭንቀት፣ ብዙ ክብደት መቀነስ የእንቁላሏን መውጫ ሊያዘገዩት ይችላሉ። እንቁላሏ ከዘገየች ፔሬዱም ይዘገያል። ተቀምጠን አብረን አየነው፣ ትንሽ ቀለል አላት፣ ከስድስት ቀን በኋላም መጣ።

ዋናው ትምህርት የመጣው ግን እርግዝና ሊፈጠር ስለሚችልባቸው ቀናት ስንነጋገር ነው። ይህ ትምህርት ቤት ውስጥ ይነገር አይነገር ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ። ይነገር ነው የምለው። ልጆቹ ቀድሞውኑ ያወሩታል፣ የሚያወሩት ግን የተሳሳተውን ነው። ከክበቡ ወንድ አባላት አንዱ እጁን አውጥቶ «14ኛው ቀን ብቻ ነው አይደል?» አለ። አላፈርኩበትም፣ ምክንያቱም ለዓመታት እኔም ክፍል ውስጥ እንደዚያ ነው ያስተማርኩት። ያኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ይህን ካነበቡ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው ቢበዛ 24 ሰዓት ነው። የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እርግዝና ሊፈጠር የሚችለው እንቁላሏ ከመውጣቷ በፊት ባሉት 5 ቀናትና በወጣችበት ቀን ነው፣ በአጠቃላይ ወደ 6 ቀን። ችግሩ እነዚህ 6 ቀናት መቼ ናቸው የሚለው ላይ ነው። እንቁላል ከወጣች በኋላ እስከ ቀጣዩ ፔሬድ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው፣ ብዙም አይለዋወጥም። የሚረዝመውና የሚያጥረው ከዚያ በፊት ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ከቀጣዩ ፔሬድ ወደ ኋላ ነው፤ ቆጠራውን የምትጀምሪበት ቀን ደግሞ ገና አልመጣም።

በልጅቷ ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ሠራነው። በ26 ቀኑ ዑደት እንቁላል ወጥታ ከሆነ 12ኛው ቀን አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 14ኛው ቀን ላይ ነገሩ አልፏል። በ41 ቀኑ ደግሞ 27ኛው ቀን አካባቢ፣ 14ኛው ቀን ላይ ገና ምንም የለም። የአንዲቷ ልጅ፣ የአንድ ዓመት ደብተር ውስጥ ያለ ልዩነት ነው ይህ!

ከዚያ እርግዝና ሊፈጠር የሚችልባቸውን ቀናት የሚገምተውን የድሮውን ስሌት ሞከርን። ጃፓናዊው ሐኪም ኦጊኖና ኦስትሪያዊው ክናውስ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለየብቻ በደረሱበት ግኝት ላይ የቆመ ነው። ከአጭሩ ዑደት 18 ትቀንሻለሽ፣ ከረጅሙ 11። ለእሷ ከ8ኛው ቀን እስከ 30ኛው ቀን ሆነ። የወሩ አብዛኛው ማለት ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ያው ልጅ «ታዲያ ምኑን አወቅነው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ስድስቱ ቀናት ሙሉ በሙሉ ከ10ኛው እስከ 17ኛው ቀን ውስጥ የወደቁላቸው ሴቶች 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። እነዚያ ደግሞ አዋቂዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም ዑደታቸው የተስተካከለ።

ስልካቸው ላይ አፕ ያላቸው ልጆች «የእኛ ቀኑን ያሳያል» ብለው ነበር። አፑ ያለው መረጃ አንቺ የጻፍሽለት ቀን ብቻ ከሆነ ግን እሱም እየገመተ ነው። የሰውነት ሙቀት መለካትም አለ፣ ግን ሙቀቱ ትንሽ የሚጨምረው እንቁላል ከወጣች በኋላ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያዋ እንቁላል ከመጀመሪያው የወር አበባ በፊት ልትወጣ ስለምትችል፣ ገና ምንም ያላየች ልጅም ልታረግዝ ትችላለች። ለዚህ ነው በግልጽ የነገርኳቸው፦ ደብተሩ ለፔሬድ ይጠቅማችኋል፣ እርግዝናን ለመከላከል ግን በእሱ እንዳትተማመኑ።

ለፔሬዱማ በደንብ ሠርቷል። አንድ ቀን መገመት ትተን ከዚህ እስከዚህ እያልን መገመት ስንጀምር ነገሩ ተስተካከለ። ባለሹራቧ አጭሩ ዑደቷ 26 ስለሆነ ከ25ኛው ቀን ጀምሮ ሞዴስና ትርፍ የውስጥ ልብስ ቦርሳዋ ውስጥ ታስቀምጣለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ድንገት አልደረሰባትም።

ያልጠበቅነው ጥቅምም ነበር። አንዲት አባላችን ደሟ በየወሩ ከ7 ቀን በላይ ይፈስ ነበር፣ አንዳንድ ቀን በየሰዓቱ ሞዴስ ትቀይራለች። እሷ «የሁሉም ሰው እንደዚህ ነው» ብላ ነበር የምታስበው። ደብተሯን ይዛ ከእናቷ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደች፣ የደም ማነስ ተገኘባት፣ አሁን መድኃኒት ላይ ናት። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀቻት «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ጀመረ?» ብላ ነው፣ ልጅቷም የስድስት ወር ቀን ዘረገፈችላት! እንደሷ የበዛባት፣ 90 ቀን የጠፋባት፣ 15 ዓመት ሞልቷት ገና ያላየች፣ ወይም ቁርጠቱ ከትምህርት የሚያስቀራት ልጅ ብትኖር እባካችሁ አትጠብቁ፣ ሐኪም ይያት።

ደብተሮቹ ከባለቤቶቻቸው ጋር ናቸው፣ በእረፍቱም ቆጠራው ይቀጥላል። በሚመጣው ዓመት የ7ኛ ክፍል ልጆችን እንቀበላለን። ገና ያላያችሁም ኑ፣ ቦታ አለ። ወንዶችም እንደዘንድሮው መግባት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው።