ደብዳቤ ለልጄ፦ ዶሮዎቹ ከመግባታቸው በፊት

ይድረስ ለልጄ፣ ደብረ ብርሃን

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንደምታውቂው ነው። በጓሮሽ ዶሮ ልትጀምሪ ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። «የፋሲካ ገበያ ሳይወደድ ቶሎ ልግዛ» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ቤቱ ሳያልቅ፣ የክትባቱ ቀን ሳይቆረጥ አንዲትም ዶሮ ግቢሽ አትግባ።

ለመጀመሪያ ከ20 ቄብ አትለፊ። የአንድ ቀን ጫጩት በዋጋው ያጓጓል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ነው የሚያድገው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ውርጭ ባለበትና መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ ለጀማሪ አይመከርም። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ ጭሱ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ ሁለት ወር ያለፋት፣ ላባዋ የሞላ ቄብ ግዢ። ስትመርጪ ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋ የደረቀ፣ ከጅራቷ ሥር ኩስ ያልለጠፈባት ትሁን። ደረቷን ዳብሺ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ከወጣ ተያት። አውራ ዶሮ ለእንቁላል አያስፈልግሽም፤ ጫጩት ካላስፈለፈልሽ በቀር መኖ ጨራሽ ነው።

ቤቱን በሸዋ ሮቢት እንዳየሽው ዙሪያውን በሽቦ ብቻ አትሥሪው፤ እዚህ ሙቀት ነው የሚያስቸግረው፣ እዚያ ብርድ ነው። ብርዱን ፈርቶ ግን ቀዳዳውን ሁሉ በላስቲክ መድፈን የባሰ ነው። ዶሮ በትንፋሿና በኩሷ ብዙ እርጥበት ታወጣለች። መውጫ ካጣ ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ውሃ ሆኖ ይቋጠርና ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል፤ እርጥብ ኩስ ደግሞ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ሽታ ያወጣል፤ ሳሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ደረቅ ዶሮ ብርድ ትችላለች። ግድግዳውን እስከ ደረትሽ ድረስ በጭቃ መርጊው፤ ከዚያ በላይ፣ ነፋስ በማይመታው ጎን፣ ከጣሪያው ሥር በሽቦ የተሸፈነ ክፍት ቦታ ተይ። የሽቦው ቀዳዳ ጣት የማያስገባ ይሁን፤ ሸለምጥማጥ በሰፊ ቀዳዳ ትገባለች። ከግድግዳው ሥርም ድንጋይ ይነጠፍ።

ስፋቱ ለ5 ዶሮ 1 ካሬ ሜትር ነው፤ ለ20ው 2 በ2 ሜትር ይበቃል፣ 2 በ2 ከግማሽ ቢሆን ግን ይሻላል። ቆጡ ከባህር ዛፍ አጣና፣ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ታስቦ ይሠራ። የእንቁላል መጣያውን ሳጥን 30 በ30 አድርገሽ ለ5 ዶሮ አንድ ሥሪ፤ ጨለም ባለው ጥግ፣ ከቆጡ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከቆጡ ከፍ ካለ እዚያው እያደሩ በኩስ ይበክሉታል። ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ወይም የገብስ ገለባ ሆኖ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። በሳምንት ሁለቴ አገላብጪው፣ ከዚያ አንድ እፍኝ ጨብጠሽ ልቀቂው፦ ከተበታተነ ደህና ነው፣ ተጣብቆ ከቀረ ርሷል፤ የረጠበውን አውጥተሽ ደረቅ ጨምሪ። ተጎንብሰሽም በዶሮዎቹ ቁመት ልክ አሽትቺ፤ ቆመሽ የማይሸትሽ እዚያ ታች ዓይን ያስለቅሳል።

አሁን ዶሮ ወደሚጨርሰው በሽታ፣ ወደ ፈንግል ልምጣ። ብዙ ጀማሪ የሚከስረው በእርሱ ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ለመተንፈስ መቸገር፣ አንገት መጠምዘዝ ካየሽ መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ብቻ ነው። ሻጩን የክትባት ወረቀት ጠይቂ፣ የመጨረሻውን ቀን ጻፊና 3 ወር ሳይሞላው እንዲደገም ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ቁረጪ። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤቶችሽ ጋር አንድ ላይ ብታስከትቡ ወጪው ይቀላል፤ የእነሱ ካልተከተበ ያንቺም ሥጋት አለበት። በውሃ የሚሰጠው ክትባት ከበረዶ ዕቃ ወጥቶ ፀሐይ ከነካው ከንቱ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም ይገድለዋል፤ ውሃውን ከዋዜማው በክፍት ባልዲ አሳድሪው፣ ለ1 ሊትር 2 ግራም ተኩል ቅባት የወጣለት የወተት ዱቄት ጨምሪበት። ጠዋት ለ2 ሰዓት ያህል ውሃ ከልክለሽ አስጠምተሽ ስጪያቸው፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት። የታመመች ዶሮ አትከተብም።

ከገበያ የመጣች ዶሮ ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ይህ የእንቁጣጣሽና የገና ገበያ ወስደሽ ያልተሸጠችልሽንም ይጨምራል፤ እሷም በዚያን ቀን ከስንቱ ጋር ተነካክታ ነው የተመለሰችው። ዶሮ ሲታመም ሮጦ ገበያ የሚያወጣ አለ፤ በሽታውን በየቀዬው የሚያዞረው ይሄ ነው፣ አንቺ እንዳታደርጊው። የሞተውን በጥልቀት ቅበሪ፣ ለውሻ አይጣል።

የገቡ ቀን መጀመሪያ ውሃ፣ ቆይቶ መኖ ስጪ። ለአንድ ሳምንት ቤት ውስጥ ዘግተሽ አቆዪያቸው፣ ቤታቸውን ይልመዱ። ዕድሜያቸው 18 ሳምንት እስኪሞላ የቄብ መኖ ይብሉ፤ የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ቶሎ ከተሰጠ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ካደጉ በኋላ አንዷ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች፤ ለ20ው በወር ወደ 70 ኪሎ ነው። ይህን በከተማሽ ዋጋ አባዥውና ከመግዛትሽ በፊት አስቢበት። ገብስ ብቻ የበላች ዶሮ ትወፍራለች እንጂ በደንብ አትጥልም። የሻገተ እንጀራ ወይም እህል በፍጹም። ውሃ ከመኖው እጥፍ ይፈልጋሉ፤ በቀን 5 ሊትር ገደማ አስቢ፣ በውርጭ ጠዋት ቀይሪው። መመገቢያውን ከሲሶው በላይ አትሙዪ፣ ከንፈሩም በጀርባቸው ልክ ይሁን፤ አለዚያ ግማሹን ይበትኑታል።

ለእንቁላል ብለሽ መብራት ልትጨምሪላቸው ካሰብሽ ንጋት ላይ እንጂ ማታ አይሁን፤ ማታ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ይጨልምባቸዋል።

የቦታውን ርዝመትና ወርድ በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ፤ ሽቦውንና ቆርቆሮውን ከዚህ አስልቼ እልክልሻለሁ።

እናትሽ