አባት የሌለው ልጅ ማሲንቆ ከማን ይውረስ?

ይድረስ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ወጣቶች የሙዚቃ መለማመጃ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ባሕር ዳር ውስጥ ክራር አስተምራለሁ። ጣና ዳር ከተቀመጡት ሊስትሮዎች፣ መናኸሪያ ዕቃ ከሚሸከሙት ልጆች መካከል ጆሮ ያለውን ለመለየት ፈተና አያስፈልግም፤ ሲያንጎራጉሩ ጠጋ ብሎ መስማት ይበቃል። በአገራችን የአዝማሪነት ሙያ በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። አባት የሌለው ከማን ይውረስ?

ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ መንግሥት መልሶት ያውቃል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲያሰሙ አይተው አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው፤ በአርመናዊው ሙዚቀኛ በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። ምጽዋት አልተሰጣቸውም፣ ሥራ እንጂ።

አራቱን የሙዚቃችንን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ለይቶ መጫወት ወራት ይፈጃል። የዛሬን ብቻ ማሰብ የለመደ ልጅ ጣቱ እየተላጠ ለነገ ሲለማመድ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በቡድን ሲጫወቱ ደግሞ ከበሮ መቺው ከፈጠነ ሁሉም ይበላሻል፤ መደማመጥን ሰባኪ ሳያስፈልጋቸው ይማሩታል። ሆኖም ሙዚቃ ለተራበ ሰው ምሳ አይሆንም። ከልምምዱ ጋር የሚበላ ካልቀረበ በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ባዶ ይሆናል።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። በሙሉዓለም የባህል ማዕከል አንድ ክፍል በሳምንት ጥቂት ከሰዓት በኋላ ይከፈትልን። ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት እዚሁ ከእንጨት፣ ከቆዳ፣ ከፈረስ ጭራና ከሸምበቆ ስለሚሠሩ ገንዘቡ በዋናነት ለመምህራን ደመወዝና ለምሳ ይዋል። ሰላሳ ማሲንቆ ገዝቶ ከማደል ስድስት ገዝቶ አንድ ጎበዝ አዝማሪ መቅጠር ይሻላል።

ልጆቹን ለበዓል ቲሸርት አልብሶ መድረክ ላይ ማውጣቱ ግን ይቅርብን፤ ቢያንስ እስኪችሉ ድረስ። ለአቅመ አዳም ያልደረሱትንም ወደ አዝማሪ ቤት መላክ አልፈልግም፣ ሌሊትና መጠጥ ነውና። ሠርግና የሆቴል የቀን ዝግጅት ይበቃቸዋል።

ቀጠሮ ከሰጣችሁኝ የልምምድ ሰዓቱንና የወጪውን ዝርዝር ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የክራር መምህር፣ ባሕር ዳር