የቤዙን ድምፅ አትቀንሱት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ክሪም ስለተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። በአማርኛ ስለ ሮክ የሚጽፍ ሲገኝ እሰየው ነው። ግን ከላይ እስከ ታች ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን፣ ኤሪክ ክላፕተን ሆነብኝ። ቤዝ እየተጫወተ ይዘፍን የነበረው ጃክ ብሩስ በአንድ መስመር ታለፈ። ከበሮ መቺው ጂንጀር ቤከር ደግሞ በጠበኝነቱ ብቻ ተነሳ። እኔ ራሴ ቤዝ ጊታር (ወፍራም ድምፅ ያለውን ጊታር) ተጫዋች ስለሆንኩ ሆድ ብሶኝ ይሆናል። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጊታር የጀመረ ሁሉ የሚሞክረውን የክሪምን ዘፈን "ሰንሻይን ኦፍ ዩር ላቭ"ን እንውሰድ። እየተደጋገመ የሚመጣው ሐረግ፣ እኛ ሪፍ የምንለው፣ ከጊታር አልተወለደም። በ1967 መጀመሪያ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ብሩስ ለንደን ሳቪል ቲያትር ሄዶ ጊታሪስቱን ጂሚ ሄንድሪክስን አየ። ከዚያ በኋላ ነው ሪፉን ያወጣው፤ ያውም ቆመው በሚጫወቱት በትልቁ ደብል ቤዝ። ገጣሚው ፒት ብራውን አብሮት ሲያመሽ ሌሊቱ አለቀ። በመስኮት ቢያይ ሊነጋ ነው። የግጥሙ መክፈቻም እሱው ሆነ።

ሦስት ሰው ብቻ፣ ያለ ኪቦርድና ያለ ሁለተኛ ጊታር መድረክ ላይ ሲወጣ አንድ ችግር አለ። ጊታሪስቱ ሶሎ፣ ማለትም ለብቻው ጎልቶ መጫወት፣ ሲገባ ከኋላው ባዶ ይሆናል። ብሩስ ያን ባዶ ቦታ ዝም ብሎ አልሞላውም፤ የራሱን ዜማ ይዞ ገባበት። ግላስጎው ቼሎ የተማረ ሰው ነው። ቤከርም የመጣው ከጃዝ ነው። የ1968ቱ "ዊልስ ኦፍ ፋየር" አልበም ላይ "ክሮስሮድስ" የሚለውን ዘፈን ከፍታችሁ ለአንድ ጊዜ ጊታሩን ተዉትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ሦስቱም በአንዴ ያወራሉ፣ ግን አይጠፋፉም። ባለቤቴ ስትሰማው "ተራ በተራ ቢናገሩ ምን ነበረበት?" አለችኝ። እኔ የምወደው ደግሞ ይኼንኑ ነው።

ሁሉንም ላሞግስ አልተነሳሁም። እዚያው አልበም ላይ ያለው የቤከር የከበሮ ሶሎ 16 ደቂቃ ገደማ ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀርብ ይችላል! ክፋቱ፣ ከኋላቸው የመጡ ብዙ ባንዶች የወረሱት ርዝመቱንና ጩኸቱን ነው። መደማመጡን የወረሱት ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚያ አንዱ የካናዳው ባንድ ረሽ ነው። እነሱም ሦስት ነበሩ፤ ቤዝ እየተጫወተ የሚዘፍነው ጌዲ ሊም የብሩስ አድናቂ መሆኑን ደብቆ አያውቅም። ዛሬ ሄቪ ሜታል ላይ የምንሰማው የሁለት ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ሩጫም ቤከርን ሳያነሱ አይወራም።

የቤከርን የአፍሪካ ጉዳይ መዝለላችሁ ግን ገረመኝ። ሰውዬው ገና ወጣት ሳለ የአፍሪካ ምት ያጠና ነበር። ክሪም ከፈረሰ በኋላ በ1971 ሰሃራን በመኪና አቋርጦ ሌጎስ ገባ። እዚያ ስቱዲዮ ከፈተ፣ ከናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ከፌላ ኩቲ ጋርም ተጫወተ። የእኛ አገር ጋዜጣ ይኼን ትቶ ስለ ጠቡ ብቻ ይጽፋል?

የራሴን ልንገራችሁ። በአንድ የምሽት ክለብ ስንጫወት ሳውንድማኑ ኪቦርዱ እንዲሰማ ብሎ እኔን ቀነሰኝ። ሙሉ ማታ ጣቴን አንቀሳቅሼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያጣኝ ሰው አልነበረም። ጽሑፋችሁን ሳነብ ያቺ ማታ ናት ትዝ ያለችኝ።

ክሪም የቆየው ከ1966 እስከ 1968 ብቻ ነው። ኅዳር ላይ ሮያል አልበርት ሆል ተሰናብቶ ተበተነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጥር 1969፣ ሄንድሪክስ ቢቢሲ ላይ በቀጥታ ስርጭት እየዘፈነ ድንገት የጀመረውን አቋርጦ የእነሱን ዘፈን ለእነሱ መታሰቢያ ተጫወተ። የመረጠው ያቺኑ ብሩስ እሱን አይቶ ያወጣትን ሪፍ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ቤዝ ተጫዋች፣ ከአዲስ አበባ