ለቤት ጸሎትም ሥርዓት ይኑረን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ በተጠየቁ ጊዜ፣ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ትንሣኤ ብዙዎቻችን ያከበርነው በቴሌቪዥን ፊት ነበር። መፍትሔው ለችግር ጊዜ በጎ ቢሆንም፣ ቡና እያፈሉና ስልክ እያነሡ ቅዳሴ መመልከት እንደ ጸሎት ተቆጥሮ እንዳይለመድ እሰጋለሁ።

ለቤት የሚሆን አዲስ ሥርዓት መፍጠር አያስፈልግም። ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት ተሠርተውልናል፤ ውዳሴ ማርያምም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ በመሆኑ፣ ማንበብ የሚችል አንድ ልጅ ያለበት ቤተሰብ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞሮ የዕለቱን ክፍል በጋራ አድርሶ በአባታችን ሆይ ሊፈጽም ይችላል። (በግእዝ ካልሆነ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ቤተሰቡ የሚረዳውን አማርኛ እመርጣለሁ።) ለእኛ ለጣና ዳርቻ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት እንዲገቡ ያልተፈቀደላቸው እናቶቻችን ከሩቅ ሆኖ መማጸንን ድሮም ያውቁበታል።

ቁርባንና ጥምቀት ግን በቤት አይተኩም። ስለዚህ ሰንበት ትምህርት ቤቶች የቤተ ክርስቲያን ደጅ ክፍት ሳለ ወጣቶችን የቤት ጸሎት እንዲመሩ ቢያሠለጥኑ፣ አንባቢ የሌላቸውን አረጋውያን ቤትም ቢያስቡ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር