«ያቆሙ» ሳይሆን «ማቆም የሚፈልጉ»

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ መጠጥ ሱስና ስለ መደጋገፊያ ቡድኖች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ዓይኔን ማመን ስላቃተኝ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «በስብሰባዎቹ ለመሳተፍ በቅድሚያ መጠጥ ያቆሙ መሆን ያስፈልጋል» ይላል።

ስህተት ነው። የዘገባው ርእስ በሆነው በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ስማቸውን በይፋ ሳይገልጹ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚደጋገፉ ሰዎች ማኅበር) ዘንድ የአባልነት መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፦ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። «ያቆመ» የሚል ቃል የለበትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእናንተ የሰዋስው ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ሦስት ዓመት ነው።

አንድ የማምነው ሰው ልክ እንደ ዘገባችሁ «መጀመሪያ አቁሚ፣ ከዚያ ትሄጃለሽ» ብሎኝ ነበር። አመንኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ «ሰኞ አቆማለሁ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ» ስል ከረምኩ። ሐሙስ ሲደርስ ጠጥቻለሁ። ጠጥቼ ደግሞ በምን ዓይኔ ልሂድ? በመጨረሻ እልህ ያዘኝ። ማንንም ሳላማክር ቤቴን ዘግቼ በአንድ ጊዜ ቀጥ አደረግኩት። በሁለተኛው ቀን አንቀጥቅጦ ጣለኝ። የነቃሁት ሆስፒታል ነው። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር።

ጋዜጠኛችሁ አንድ ሐኪም ቢጠይቅ ኖሮ ይህን ይነግረው ነበር። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱን አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከዚያ ደግሞ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን የሚያቃዥ፣ አእምሮን የሚያስት፣ ሊገድልም የሚችል ሁኔታ ሊከተል ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። እናንተ ግን «በቅድሚያ ያቁሙ» ብላችሁ ጻፋችሁ! ያንን አምኖ ዛሬ ቤቱን የዘጋ ሰው ቢኖርስ?

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለመገመት ሞክሬያለሁ። አንዳንድ ቡድኖች በዕለቱ የጠጣ ሰው ከመናገር ይልቅ እንዲያዳምጥ ይጠይቃሉ። ጋዜጠኛው ይህን ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ግን «ዛሬ አዳምጥ» ማለትና «አትምጣ» ማለት ምን አገናኛቸው?

የማኅበሩን ታሪክ እንኳ ቢያነብ ይበቃው ነበር። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ፣ አክረን ከተማ ነው። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት የሆነው ቢል ዊልሰን፣ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ያን ጊዜ ገና ይጠጣ ነበር። ከተገናኙ በኋላም አንድ ጊዜ አገርሽቶበታል። ዊልሰን ግን «ስታቆም ተመለስ» አላለውም። በእናንተ መስፈርት ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ ከበር ይመለስ ነበር።

እኔም ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት አገረሸብኝ። ነርሷ የስልክ ቁጥር ሰጥታኝ ስለነበር ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ስሜን አልጠየቀችኝም። «ዛሬ ጠጥቻለሁ» አልኳት። «የኔ እህት፣ ነይ» አለችኝ። ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። አፌ ይሸት ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና «እንኳን መጣሽ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ክፍያ የጠየቀኝ የለም፤ ፎርም የሞላሁትም የለም። የመጀመሪያው ቡድን ብዙም አልተመቸኝም፤ ሦስተኛው ግን ቤቴ ሆነ። ይህንም ብትጽፉት ጥሩ ነበር። አንዱን ሞክሮ ያልወደደ ሰው ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል።

«ዝግ ስብሰባ» የሚለውንም ምስጢር የሚዶለትበት አስመሰላችሁት። ዝግ የተባለው በመጠጥ ለሚቸገሩና ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ስለሆነ ነው። ክፍት ስብሰባዎችም አሉ። ቤተሰብ፣ ተማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ጋዜጠኛችሁ አንዱ ላይ ለአንድ ሰዓት ቢቀመጥ ኖሮ እኔ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ደግሞ ገና የሚጠጡ ሰዎች ድምፅ ዘገባው ውስጥ የለም። የተናገሩት ባለሙያዎችና ካቆሙ ብዙ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ናቸው። አከብራቸዋለሁ። ግን ያ ገጽ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ትናንት ማታ ለጠጣው ሰው ነው። እሱን ነው የረሳችሁት።

ለዝግጅት ክፍላችሁ ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማስተካከያውን በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት። አጠገቡም በድንገት ከማቆም በፊት ሐኪም ማማከር እንደሚያስፈልግ ጻፉ።

ስሜን ያልጻፍኩት አፍሬ አይደለም። በጋዜጣ ላይ ስማችንን አለማውጣት የማኅበሩ የቆየ ደንብ ነው።

አንዲት አንባቢያችሁ