የደኑንስ አየር ማን ይጠብቀው?

ውድ አዘጋጅ፦

ስለ ደን የምታወጧቸውን ዘገባዎች ሳላነብ አላልፍም። ስንት ችግኝ እንደተተከለ፣ ስንት ሄክታር እንደተመነጠረ፣ እሳት የት እንደተነሳ ትነግሩናላችሁ። ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። አንድ ነገር ግን ሁሌም ይቀራል። በደኑ ውስጥ ያለው አየር እንዴት ነው? ማን ይለካዋል? ሲበላሽስ ማን ይጠየቃል?

ይህን ጥያቄ ሳነሳ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ደን እኮ ራሱ አየር ያጠራል፣ ምን ይሆናል ብለህ ነው ይሉኛል። ቅጠል ብናኝና ጋዝ መያዙ እውነት ነው። ግን የያዘው ነገር በዚያው አይጠፋም። ዝናብ ሲመጣ አጥቦ ወደ አፈሩ ያወርደዋል፣ ከዚያ ወደ ሥሩና ወደ ጅረቱ ይገባል። የሕዝብ ደን ወሰን ተከልሎለታል፣ ጠባቂም ተቀጥሮለታል፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ የለቀቀውን ጭስ ግን በር ላይ አስቁሞ የሚመልሰው ጠባቂ የለም።

ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ባሉት የሳን በርናርዲኖ ተራሮች ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እዚያ ያሉት የፓይን ዛፎች ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ያለ ጊዜው መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም። በኋላ ተመራማሪዎች ጥፋተኛው ኦዞን የሚባለው ጋዝ መሆኑን አረጋገጡ። ይህ ኦዞን ከየትኛውም ጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ተዋህደው አየር ላይ ይፈጠራል፣ ከዚያ ነፋስ ከከተማው ወደ ተራራው ይገፋዋል። በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ዛፉን ያደክመዋል፣ የደከመውን ዛፍ ደግሞ ቅርፊት የሚቦረቡር ጢንዚዛ ይጨርሰዋል። መጥረቢያ ያነሳ ሰው የለም፣ ክብሪት የጫረም የለም። ዛፎቹ ግን ሞቱ። እንዲህ ያለውን ጥፋት የትኛው የደን ጥበቃ ሪፖርት ውስጥ ነው የምናገኘው?

የአሲድ ዝናብም እንደዚሁ ነው። ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው የድኝ ጋዝ ከዝናብ ጋር ሲወርድ ዛፉ የሚያስፈልገውን የአፈሩን ካልሲየም አጥቦ ይወስደዋል። ጭሱን መቀነስ ይቻላል፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሻሻለችው ሕግ በጣም ቀንሳዋለች። የታጠበው አፈር ግን ቶሎ አያገግምም፣ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ለዚህ ነው ዛፉ መድረቅ ሲጀምር እናያለን ማለት የማያዋጣው፤ ያን ጊዜ ብዙ ነገር አልፏል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መንገዱ ከዚህ በፊት ተሞክሯል። የአሜሪካ የንጹህ አየር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሻሻል ትልልቅ ብሔራዊ ፓርኮችና የተጠበቁ የዱር አካባቢዎች ከሁሉም ጠበቅ ያለ የአየር ጥበቃ እንዲያገኙ ተደረገ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው አካል አየሩንም የመጠበቅ ግዴታ በሕግ ተጣለበት። በአቅራቢያው ትልቅ ፋብሪካ ለመትከል ፈቃድ ሲጠየቅ መረጃው ይደርሰዋል፣ በደኑ ላይ የሚያመጣውን ጉዳት መርምሮ አስተያየት ይሰጣል። አዎ፣ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ውሳኔ የእሱ አይደለም፣ ይሄ ድክመት ነው። ቢሆንም በጉዳዩ ላይ ድምፅ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ደግሞ በእነዚህ አካባቢዎች አየሩን በማጣሪያ እየያዘ የሚለካ የጣቢያዎች መረብ ተዘርግቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ደንብም በሰው ሠራሽ ብክለት የመጣው ጭጋግ እስከ 2064 እንዲወገድ ግብ አስቀምጧል። ሩቅ ነው፣ ግን ቢያንስ ቀን ተቆርጦለታል።

መሣሪያ ውድ ነው የሚል ምክንያት እሰማለሁ። እሺ፣ ውድ ነው። ግን በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚያድገውን፣ ሳይንቲስቶች ሊከን የሚሉትን ነገር ማየት ምን ያህል ገንዘብ ይፈልጋል? ሊከን ሥር የለውም፣ ምግቡንም ውሃውንም በአብዛኛው የሚያገኘው ከአየር ነው። ስለዚህ አየሩ ሲበላሽ ቀድሞ ይጎዳል። ኒላንደር የተባለው የፊንላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪስ መናፈሻ ያሉትን ሊከኖች አይቶ የአየሩን ጤንነት እንደሚያመለክቱ ጽፏል። ዛሬ የደን ባለሙያዎች ይህንኑ ዘዴ ይጠቀሙበታል። የትኞቹ ዝርያዎች እንደጠፉ፣ ናይትሮጅን የሚወዱት የት እንደበዙ በየጥቂት ዓመቱ መመዝገብ ለማንኛውም የደን መሥሪያ ቤት የሚቻል ሥራ ነው። የሰለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ ሌላ ብዙ አይፈልግም።

አሁን ወደ ጭሱ ልምጣ፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የካናዳ ደን ሲቃጠል የኒውዮርክ ሰማይ ብርቱካናማ ሆኖ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በጭስ ውስጥ ላለው ደቃቅ ብናኝ ከዚህ አይለፍ ብሎ ያስቀመጠው የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ነው፤ በእነዚያ ቀናት ሰዉ የተነፈሰው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ይህ ብናኝ ከፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ስለሚያንስ እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይዘልቃል። እሳቱ አጠገብ የሚቆሙትንስ ማን አሰበ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ካንሰር አምጪ ከሆኑ ሥራዎች መድቦታል። በደን ቃጠሎ ላይ ግን ብዙዎቹ አሁንም አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው ነው የሚውሉት።

እዚህ ላይ ከብዙ የአካባቢ ጥበቃ ወዳጆቼ ጋር አንስማማም። እነሱ በደን ውስጥ ምንም ዓይነት እሳት አይለኮስ ይላሉ። ነገር ግን እሳት የለመዱ ደኖች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ማንኛውንም እሳት እያጠፉ መኖር ደረቅ ቅጠልና ቅርንጫፍ ያከማቻል፤ አንድ ቀን ሲነሳ ማንም አያቆመውም፣ ጭሱም ለሳምንታት ይቆያል። በባለሙያ ታቅዶ በትንሽ በትንሹ የሚደረግ ቃጠሎ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን እንደነገሩ አይደረግም! የነፋሱ አቅጣጫ መታየት አለበት። እርጥብ ነገር እየተትጎለጎለ ከሚጨስ በደንብ የደረቀው ቶሎ ነዶ ቢያልቅ ብናኙ ይቀንሳል። ማታ ቀዝቃዛ አየር ሸለቆ ውስጥ ስለሚተኛ ጭሱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ሥራው ቀን አየሩ ወደ ላይ በሚነሳበት ሰዓት ማለቅ አለበት። በነፋሱ መንገድ ላይ ላሉ ሰዎች፣ በተለይ አስም ላለባቸው፣ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች፣ ቀድሞ ይነገራቸው። ጭስ ቤታቸው ከገባ በኋላ የሚመጣ ማስታወቂያ ምንም አይጠቅማቸውም።

እናንተን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የደን ኃላፊ ስታነጋግሩ ከችግኙ ቁጥር በኋላ ሦስት ጥያቄ ጨምሩልኝ። የአየሩን ጥራት የሚከታተል በስም የተመደበ ባለሙያ አላችሁ ወይ? ለፋብሪካ ፈቃድ ሲሰጥ ትጠየቃላችሁ ወይ? የለካችሁትን ለሕዝብ ታወጣላችሁ ወይ? መልሱንም እንዳለ አትሙት፣ የለንም ካሉም የለንም ብለዋል ብላችሁ ጻፉ።

አክባሪ አንባቢያችሁ