አንቀጽ 36 እና አርጩሜው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. እንደጸደቀ፣ 11 ምዕራፎችና 106 አንቀጾች እንዳሉት አሳምረው ያውቃሉ። አምስቱን መሠረታዊ መርሆዎች ከሕዝብ ሉዓላዊነት እስከ መንግሥት ተጠያቂነት በአንድ ትንፋሽ ይወጡታል። ፈተናው የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

በቅርቡ አንቀጽ 36ን ስናነብ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ከሚለው ላይ ደረስን። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ የዩኒት መሪው አርጩሜስ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን ፊቷን አልፈታችም፤ መልስ ትጠብቃለች። ያነበብሽው ትክክል ነው፣ አርጩሜው ከሕጉ ጋር ይጋጫል አልኳት። ወሬው መምህራን ማረፊያ ክፍል ሲደርስ አንድ ባልደረባዬ «ልጆቹን ልታሳድምብን ነው» ብሎ ተቆጣ። ሥርዓት ያስፈልጋል፣ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ልጆቹ የተከለከለ መሆኑን በጽሑፍ ያነበቡትን ነገር በረንዳ ላይ እያዩ መርሆውን እንዲያምኑልን መጠበቅ የዋህነት ነው።

በዚያው ሰሞን የአንድ ልጅ ካልኩሌተር ጠፋና «አውጡ» ተብሎ ሙሉ ረድፍ ተንበረከከ። አጋጣሚውን ተጠቅሜ አንቀጽ 20ን አወጣንና የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል የሚለውን በረድፉ ላይ ሞከርነው። ማን ከሰሰ? ማስረጃው ምንድን ነው? የተከሰሰው ተጠይቋል? አንዱ «ለሌባ ምን አከራከረን?» ሲል ከኋላ ያለው «ሌባ መሆኑን በምን አወቅህ?» ብሎ መለሰለት። ክርክሩ ደወሉ ከተደወለ በኋላም ቀጠለ፤ እኔ ወጥቼ እነሱ ክፍል ውስጥ ቀሩ። የምዕራፍና የአንቀጽ ብዛት ሳስጠና እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። (ካልኩሌተሩ በነጋታው ከባለቤቱ ቤት ተገኘ።)

ስለዚህ ጥያቄዬ የ8ኛ ክፍል ፈተና ለሚያወጡ ባለሙያዎች ነው። «አንቀጽ 20 ስለ ምን ይናገራል?» የሚለውን ተዉትና፣ «ዕቃ ጠፋ ተብሎ ሙሉ ክፍሉ ቢቀጣ የትኛው መብት ተጥሷል? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ መምህራን የምናስተምረው እናንተ የምትጠይቁትን ነው። የትምህርት ቤት አመራሮችም አርጩሜውን ከወዲሁ ቢያነሱልን ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ላይ ያችን ልጅ እንደገና ማስተማሬ አይቀርም።

አንድ የዜግነት ትምህርት መምህር